ሳሎኔ ቤዙን ያበላሸዋል፤ የእንቁላል ካርቶን ልለጥፍ ወይስ ሌላ መላ አለ?

ሦስተኛ_ፎቅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎኑ 3.6 ሜትር በ3.6 ሜትር፣ ከፍታው 2.6። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል። ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ አንድ ትልቅ። አምፑም ስፒከሮቹም ያገለገሉ ናቸው፤ ከመግዛቴ በፊት ግን ሻጩ ቤት ሲጫወቱ ሰምቻቸዋለሁ፣ እንከን አይወጣላቸውም ነበር። እኔ ጋ ሲመጡ ሌላ ሆኑ። ቤዝ ጊታሩ አንዱን ኖታ ሲመታ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጣዩ ኖታ ላይ ጭራሽ ይጠፋል። ዘፋኙ ከሩቅ የሚዘፍን ይመስላል። ድምፁን በጨመርኩ ቁጥር ግጥሙ አይሰማም።

የእንቁላል ካርቶን ለጥፍ ያሉኝ ሰዎች አሉ። በርካሽ አገኛለሁ። ባለቤቴ ግን «ሳሎኔን ዶሮ እርባታ አታድርግብኝ» ብላለች። በጀቴ ትንሽ ነው፤ መጋዝና መዶሻ ግን አለኝ። ምን ትላላችሁ?

ቢት_ከፒያሳ

ካርቶኑ ይሠራል ባክህ። ስንቱ ስቱዲዮ በእሱ ተሸፍኖ ነው የተቀዳበት። ቀለም ቀባውና ለባለቤትህ ዲዛይን ነው በላት 😄

ዲጄ_ቂርቆስ

ወንድሜ፣ ግድግዳ ከምትለብድ ስፒከሮቹን ሽጥና ጨምረህ ከፍ ያለ ነገር ግዛ። ደህና ስፒከር የትም ቢቀመጥ ደህና ነው።

ጡረተኛ_ቴክኒሻን

ልጄ ሦስተኛ ፎቅ፣ ስፒከሮችህን አትሽጥ። ሻጩ ቤት ጥሩ ከነበሩ አሁንም ጥሩ ናቸው። የተለወጠው ክፍሉ ነው። ውድ ስፒከር ብትገዛም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የምታስገባው፤ ቤዙ ጠለቅ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይብስብሃል።

ምክንያቱን በቁጥር ላሳይህ። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህንን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ስናካፍል ክፍሉ ራሱ «የሚዘፍነውን» ዝቅተኛ ድምፅ እናገኛለን። ያንተ 343 ሲካፈል ለ7.2፣ ማለትም 47.6 ሄርዝ (በሴኮንድ 47.6 ንዝረት)። ርዝመትና ስፋቱ እኩል ስለሆነ ሁለቱም አቅጣጫዎች በዚያው 47.6 ላይ ይደራረባሉ። ከፍታው 66 ሄርዝ ይሰጥሃል። በአራቱ ግድግዳዎች መካከል በሰያፍ የሚመላለሰው ደግሞ 67 ላይ ይወድቃል፤ እዚያም ሁለቱ ተገናኙ። አሁን ቤዝ ጊታሩን አስብ፦ ዝቅተኛው ሶል 49 ሄርዝ ነው፣ ከእሱ ከፍ ብሎ ያለው ዶ 65 ከምናምን። እነዚህ ሁለቱ በቤትህ ያብጣሉ፣ በመካከላቸው ያሉት ይከሳሉ። መስኮትህን የሚያንቀጠቅጠው ከሁለቱ አንዱ ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

የእንቁላል ካርቶንን በተመለከተ፣ ቢት ከፒያሳ አይቀየመኝ፣ ስስ ወረቀት ነው። የትሬብልን (የቀጭኑን ድምፅ) ጫፍ ትንሽ ይነካካል እንጂ 50 ሄርዝን አያውቀውም። የ50 ሄርዝ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል።

አንድ ጥያቄ፦ ስፒከሮቹ የት ነው የተቀመጡት? አንተስ የት ነው የምትቀመጠው?

ሦስተኛ_ፎቅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የሚንቀጠቀጠው ሶል ላይ ነው፣ ኪቦርድ ያለው ጓደኛዬ አረጋግጦልኛል።

አቀማመጡ እንደማንኛውም ሳሎን ነው። ቡፌው አንዱን ግድግዳ ይዞታል፤ ቴሌቪዥኑ መካከል ላይ፣ ስፒከሮቹ ግራና ቀኝ ቡፌው ውስጥ ባሉት ክፍት ቦታዎች ገብተዋል። ሶፋው ኤል ቅርፅ ነው፣ ከወዲያኛው ግድግዳ ተጠግቷል። እኔ ጥጉ ላይ ነው የምቀመጠው።

ጡረተኛ_ቴክኒሻን

በለው! እንግዲህ ችግሩን ግማሽ አገኘነው።

ቤዝ የሚከማቸው ግድግዳ ላይ ነው፤ ሁለት ግድግዳ ሲገናኝ ይብሳል፣ ወለልም ሲጨመር ይብሳል። አንተ ጆሮህን ክምችቱ ላይ አስቀምጠህ ነው የምትሰማው። ስፒከሮቹ ደግሞ ሣጥን ውስጥ ሌላ ሣጥን ሆነዋል፤ የቡፌው ጎን ከነሱ ጋር አብሮ ይጮሃል።

ምንም ሳትገዛ ይህን አድርግ። ስፒከሮቹን ከቡፌው አውጣና በርጩማም ሆነ ብሎኬት ላይ አስቀምጣቸው፤ ትሬብሉ የሚወጣበት ክፍል ስትቀመጥ ከጆሮህ ጋር እኩል ይሁን። ከኋላ ግድግዳ ቢቻል 50 ሴንቲ ይራቁ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ አንተ ያለው ርቀት እኩል ይሁን። አንተ ልክ ክፍሉ መካከል ላይ አትቀመጥ፤ እዚያ 47.6 ጭራሽ ይጠፋል። ከኋላ ግድግዳ 1.3 ሜትር ገደማ ለሙከራ ጥሩ መነሻ ነው። ሶፋውን አንሣ አልልህም፣ እኔም ባለትዳር ነኝ። ሶፋው ለእንግዳ ይቆይ፤ ሙዚቃ ለመስማት ስትቀመጥ አንድ ወንበር ሳብ አድርግ።

ትረካ_በቤት

ሰላም፣ እኔ በድምፅ ትረካ ነው የምተዳደረው፤ የምቀዳውም ቤቴ ነው። ጋሼ ስለ ቤዙ ያሉትን አልነካም። ሦስተኛ ፎቅ፣ ግጥሙ አይሰማም ስላልከው ግን ሌላ ምክንያት ይኖረዋል።

ሳሎኑ መካከል ቆመህ አንዴ ጠንከር አድርገህ አጨብጭብ። ከጭብጨባው በኋላ «ትርርርር» የሚል ነገር ከተከተለ ድምፁ በሁለት ባዶ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው። ሴራሚክና ልስን ባለበት ቤት ይህ የማይቀር ነው። ቃላቱን የሚያደበዝዘው እሱ ነው።

ቀጥሎ መስታወት ያዝ። አንተ ወንበርህ ላይ ቁጭ በል፣ ባለቤትህ መስታወቱን የጎን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀስ እያለች ወደፊት ትሂድ። በመስታወቱ ውስጥ ስፒከሩ የታየህበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ድምፁ ነጥሮ ወደ ጆሮህ የሚመጣው ከዚያ ነው። በሌላው ግድግዳም እንዲሁ። ኮርኒሱም ላይ አለ፣ ግን እሱን መጀመሪያ ተወው። ለስላሳ ነገር የሚፈልጉት እነዚህ ቦታዎች ናቸው፤ ሙሉ ግድግዳ መሸፈን አያስፈልግም።

ወለሉ ላይ በስፒከሩና በወንበሩ መካከል ወፍራም ምንጣፍ። መስኮቱ ላይ ከባድ መጋረጃ፣ ከስፋቱ እጥፍ ሆኖ እጥፋት የበዛበት። ጋቢ ቢሰቀል ይጠቅማል ወይ ብለህ ከጠየቅክ፣ ለንግግር ድምፅ አዎ፤ እኔ ራሴ ቁም ሣጥን ከፍቼ ከጀርባዬ ቡሉኮ ሰቅዬ ነው የምቀዳው። ለቤዝ ግን ቡሉኮም አያዋጣም።

ሜሪላንድ_ቤዝመንት

ከሲልቨር ስፕሪንግ ሰላም ብያለሁ። እዚህ ቤቱ የእንጨት ፍሬም ላይ ጂፕሰም የተመታበት ስለሆነ ፎቅ ላይ ያለው ሳሎን ቤዙን በከፊል ራሱ ይበላዋል፤ ግድግዳው ይርገበገባል፣ የተረፈው ወደ ውጭ ያመልጣል። ቤዝመንት ስወርድ ግን ኮንክሪት ነው፣ ልክ እንደ ሦስተኛ ፎቅ ቤት። ስለዚህ ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

እዚህ ሰው የሚጠቀመው ኦወንስ ኮርኒንግ 703 የሚባለውን ደረቅ የፋይበርግላስ ሰሌዳ ወይም ሮክ ውል ነው። ሁለት ጫማ በአራት ጫማ ይመጣል፤ ፍሬም ሠርተህ ጨርቅ አልብሰህ ትሰቅለዋለህ። ጥቅል ኢንሱሌሽን ገዝተው ላስቲኩን እንኳ ሳይከፍቱ ጥግ ላይ እስከ ኮርኒስ የሚደረድሩም አሉ። ያስቃል፣ ግን ለቤዝ ከማንኛውም ጌጠኛ ፎም ይሻላል። አዲስ አበባ ሮክ ውል ይገኛል?

ኤሌክትሪሻን_ሀዋሳ

ይገኛል። የጄነሬተር ክፍልና የቦይለር ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ጠይቁ። ሲቆረጥ ብናኙ ቆዳ ያሳክካልና ጓንትና ማስክ አድርጉ።

በነገራችን ላይ ፎም ስላነሣችሁ፦ ርካሹን ስፖንጅ ግድግዳ ላይ በሙጫ የምትለጥፉ ሰዎች እባካችሁ ተው። በ2003 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ አንድ የምሽት ክበብ በመድረክ ርችት ተቃጥሎ 100 ሰው ሞቷል፤ እሳቱን ያዳረሰው ድምፅ ለማፈን ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ፖሊዩሬቴን ፎም ነበር። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ብራዚል ሳንታ ማሪያ ውስጥም በተመሳሳይ ሁኔታ 242 ሰው አልቋል። ፎሙ ሲነድ የሚያወጣው ጭስ መርዝ ነው። የኛ ሳሎን ደግሞ ቡና የሚፈላበት፣ ከሰል የሚገባበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ነው። ሮክ ውል ከድንጋይ የተሠራ ስለሆነ እሳት አይዘውም።

ቢት_ከፒያሳ

እሺ ካርቶኑን ትቻለሁ 🙌 ግን ሮክ ውል ኪስ ይጎዳል። ጥጥስ? ሰፈሬ ፍራሽ የሚያድስ ሰውዬ አለ።

ጡረተኛ_ቴክኒሻን

ጥጥ ጥሩ ሐሳብ ነው። ታሪኩም ከፍራሽና ከትራስ ነው የተጀመረ።

በ1895 (እ.ኤ.አ.) ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የመማሪያ አዳራሽ አሠርቶ፣ መምህሩ ሲናገር ቃሉ ከ5 ሴኮንድ በላይ እየቆየ ተማሪው ምንም አልሰማ ይላል። ዋላስ ሳቢን ለተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር «መላ በል» አሉት። ሰውዬው ሌሊት ሌሊት፣ ከተማው ጸጥ ሲል፣ ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ እያስመጣ ያነጥፋል፤ የኦርጋን ቧንቧ ነፍቶ ድምፁ እስኪጠፋ በጆሮው እየሰማ ሰዓት ይይዛል። ሲነጋጋ ትራሱን ይመልሳል። ከዚያ የወጣችው ቀመር ዛሬም ታገለግላለች፦ 0.161 ተባዝቶ በክፍሉ ይዘት፣ ተካፍሎ ለጠቅላላው የመምጠጥ አቅም። የመምጠጥ መለኪያው ክፍት መስኮት ነበር፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና።

የሦስተኛ ፎቅን ሳሎን እንሥራው። ይዘቱ 33.7 ሜትር ኩብ ነው፣ በ0.161 ሲባዛ 5.4። ሶፋው፣ ሰውና ዕቃው ተደምረው 5 ካሬ ሜትር ያህል ክፍት መስኮት ይተካሉ እንበል፤ ድምፁ ከአንድ ሴኮንድ በላይ ይቆያል ማለት ነው። ለሙዚቃ 0.4 ሴኮንድ ገደማ እንፈልጋለን፤ ለዚያ 13.5 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። የጎደለው 8.5 ነው። ምንጣፉና መጋረጃው ከላይኛው ድምፅ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ስለዚህ 60 በ120 ሴንቲ የሆነ ሰሌዳ ስምንት ያህል ቢሠራ ከበቂ በላይ ለውጥ ይሰማል።

አሠራሩ፦ 10 ሴንቲ ስፋት ካለው ጣውላ ፍሬም ምታ። ጀርባውን በኮምፔንሳቶ አትዝጋው፤ መረብ ወይም ገመድ ወጥርበት፣ ክፍት ይሁን። ጥጡ በደንብ ይባዘት። ለአንዱ ሰሌዳ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይበቃዋል፤ እንደ ትራስ አትጠቅጥቀው፣ ወደ ታች እንዳይንሸራተትም በመካከሉ እንደ ፍራሽ ስፋው። ግድግዳው ላይ ስትሰቅለው 10 ሴንቲ ክፍተት ተውለት። ያ ባዶ አየር ገንዘብ ሳታወጣ የሰሌዳውን ሥራ ወደ ዝቅተኛ ድምፅ ያወርድልሃል። ጥጥ ግን እሳት ያውቀዋል፣ ኤሌክትሪሻኑ እውነቱን ነው። ከሶኬት፣ ከሻማ፣ ከከሰል ይራቅ። እርጥብ ግድግዳ ላይም አይሰቀል፤ ይሻግታል።

ትረካ_በቤት

ጨርቁን በተመለከተ፦ አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ተንፍሱበት። ትንፋሽ ካሳለፈ ድምፅም ያሳልፋል። አቡጀዲ ይሆናል። ላስቲክ ያለበት የሶፋ ጨርቅ አይሆንም። በጣም የሚያምረው ግን የቡና ጆንያ ነው፣ የቃጫው፣ ጽሑፉ ያለበት። ለባለቤትህ እሱን አሳያት፣ ዶሮ እርባታውን ትረሳዋለች። መጀመሪያ ግን አራግፈህ ፀሐይ አስመታው።

ዲጄ_ቂርቆስ

ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይሄ ሁሉ ጥጥ ከተሰቀለ ጎረቤት አይሰማም ማለት ነው? እኔ ጋ የታችኛው ፎቅ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒስ ይደበድባል 😂

ጡረተኛ_ቴክኒሻን

አይደለም። ይህ ሁለቱን ነገር ሰው ሁሉ ይቀላቅለዋል። ጥጥና ሮክ ውል ክፍሉ ውስጥ የሚንጫጫውን ድምፅ ይቀንሳሉ፤ ወደ ጎረቤት የሚሄደውን አያቆሙም። ድምፅ የሚያቆመው ክብደት ነው፤ የግድግዳው ክብደት እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ያህል ታተርፋለህ። በኮንዶሚኒየም ግድግዳ እጥፍ ማድረግ አይታሰብም። የምትችለው የበሩን ዙሪያና ሥር በጎማ መድፈን፣ ሳብዉፈሩን (ለቤዝ ብቻ የሚሆነውን ስፒከር) ከወለሉ በወፍራም ጎማ መለየት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቤዙን ዝቅ ማድረግ ነው። የታችኛው ፎቅ ሰውዬ መጥረጊያ ይዞ የሚመጣው ለቤዙ ነው።

ሦስተኛ_ፎቅ

ለውጡን ልንገራችሁ። ስፒከሮቹን ከቡፌው አወጣሁ፣ ወንበር ሳብኩ። ያ ብቻ ግማሹን ችግር ፈታው። ባለቤቴ ራሷ ከኩሽና «ምን ቀየርክ?» አለችኝ። ዘፋኙ አሁን በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ቆሟል፤ ቦታው ይታወቃል።

ጓዳ የተጠቀለሉ ሁለት የእንግዳ ፍራሾች ነበሩ። ሜሪላንድ ስለ ጥቅሉ ሲያወራ ትዝ አሉኝና ከስፒከሮቹ ኋላ ባሉት ጥጎች አቆምኳቸው። ሶሉ አሁንም ያብጣል፣ ግን ቶሎ ይቆማል፤ ቀጣዩን ኖታ አይሸፍንም። ፍራሾቹን አንሥቼ መልሼ ሞከርኩት፣ ልዩነቱ ግልጽ ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን ምን ልሆን ነው 😅

ከዚያ የጥጥ ሰሌዳ ጀመርኩ። ለጊዜው በመስታወት ያገኘኋቸው ሁለቱ ቦታዎች ላይ ሰቅያለሁ። የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ የሚያሰማውን አሁን ነው የሰማሁት፤ ቀረጻው ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ማጨብጨቡ ላይ «ትርርር» የሚለው ጠፍቷል፣ ከመስኮቱ አቅጣጫ ብቻ ትንሽ ይቀራል።

ቢት_ከፒያሳ

የቀረውን ሶል በኢኳላይዘር ብታወርደውስ?

ጡረተኛ_ቴክኒሻን

ያበጠውን ማውረድ ይቻላል፣ በተለይ የሚሰማው አንድ ሰው አንድ ወንበር ላይ ከሆነ። የጠፋውን ግን በኢኳላይዘር ለመሙላት አትሞክሩ። 10 ዴሲቤል መጨመር ከአምፑ አሥር እጥፍ ኃይል ይጠይቃል፣ ጉድጓዱም አይሞላም። ጉድጓድ ካለ ወንበሩን ወይም ስፒከሩን አንቀሳቅሱ።

ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ ከታች እስከ ላይ የሚያፏጭ ድምፅ ያጫውትና ክፍሉ ምን እንዳደረገው በግራፍ ያሳያል። ደህና ማይክ ብትዋሱ ይመረጣል፤ የስልክ ማይክ ቤዝ ላይ ስለሚወድቅ ጭንቀት ያመጣል እንጂ እውነቱን አይነግርም። ለጥጉ ደግሞ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ፍራሾቹን ለእንግዳ መልስና ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ ሦስት ማዕዘን ሣጥን ሥራ። ጎኑ 50 ሴንቲ ከሆነ ጥጡን ልል አድርገህ ሙላው፤ ወፍራም ሲሆን መጠቅጠቅ ይጎዳዋል።

ሜሪላንድ_ቤዝመንት

ጋሼ ባሉት ላይ፦ ሳብዉፈር ያላችሁ ሳቡን እናንተ የምትቀመጡበት ወንበር ላይ አውጡትና ቤዝ የበዛበት ሙዚቃ ክፈቱ። ከዚያ እናንተ በግድግዳው ዙሪያ በእንብርክክ ሂዱ። ቤዙ እኩል የተሰማችሁ ቦታ ላይ ሳቡን አስቀምጡት። ልጆቼ ሲያዩኝ አብጃለሁ ብለው ነበር።

ጠባብ_ሳሎን

ይቅርታ መካከል ገባሁ። የኔ ክፍል ረዥምና ጠባብ ነው፣ 5.2 በ2.8፣ ከፍታው 2.7። ስፒከሮቹን በየትኛው ግድግዳ ላድርግ? በሩ አጭሩ ግድግዳ ላይ ነው፣ መስኮቱ ከበሩ ትይዩ።

ጡረተኛ_ቴክኒሻን

የመስኮቱ ወገን፣ ማለትም በር የሌለበት አጭሩ ግድግዳ። ስፒከሮቹ ወደ ረዥሙ አቅጣጫ ይተኩሱ። አንተ ከሦስተኛ ፎቅ ዕድለኛ ነህ በርዝመቱ፦ 33 ሄርዝ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ብዙ ሙዚቃ እዚያ አይወርድም። ስፋቱና ከፍታው ግን 61 እና 63.5 ናቸው፣ ተጠጋግተዋል፤ ጥጎቹን ከማንኛውም ነገር አስቀድም። የጎን ግድግዳዎቹ ቅርብ ስለሆኑ የመስታወቱን ሙከራ ሳታደርግ ሰሌዳ አትስቀል። በሩ ሲከፈት ቤዙ ይቀየራል፤ ከፍተህም ዘግተህም ስማውና የተሻለውን ንገረን።